የጎደለው በረዶ

«አንዱ በረዶስ?» አለች ዙሌይካ።

ሳጥኑን ደግማ አየችው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ እግሮቿ መሃል አድርጋ ያመጣችው ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ነው። መድኃኒቶቹ በፌስታል ተጠቅልለው መሃል ላይ አሉ፣ በግራ በኩል በረዶው አለ፣ በቀኝ በኩል ግን ባዶ ነው። ጠዋት ስትዘጋው ሁለቱም ነበሩ። በረዶው ቀለጠ እንኳን ቢባል የታሸገበት ላስቲክ የት ይሄዳል?

«በሲጥ፣ አንተን እኮ ነው።»

«እ?» አለ ወንድሟ አብዱልበሲጥ።

አውቶቡሱ አዋሽ ሰባት ኪሎ ለምሳ ቆሞ ነው። ሹፌሩ ሁሌ የሚቆምበት ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ስር ተቀምጠዋል። ሙቀቱ ለአዋሽ ደህና የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ማለትም የብረት ጠረጴዛው ላይ ክንድ ማሳረፍ አይቻልም። በሲጥ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን የራሱን ፓስታ ጨርሶ የሷን መለቃቀም ይጀምር ነበር። መንገዱን ሙሉ ሲቀልድ ነው የመጣው፤ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ለጠየቀ ሁሉ «ኩላሊት ነው» እያለ አንዲት ሴትዮ ወንበር እስክትቀይር ድረስ። አሁን ግን ሹካውን አልነካም። አንድ እጁ ከጠረጴዛው ስር ነው። ከሽርጡ ጫፍ ደግሞ ውሃ ይንጠባጠባል።

ዙሌይካ ጎንበስ ብላ አየች። በረዶው እዚያ ነው፤ ግራ ጉልበቱ ላይ፣ በፎጣ ታስሮ። ጉልበቱ ጉልበት አይመስልም፣ አብጦ ክብ ሆኗል።

«መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«አትቀልድ።»

«መተሐራ፣ ስንወርድ።» ዓይኑን ከፓስታው አላነሳም። «ከአውቶቡሱ ደረጃ ዘለልኩ። ትንሽዬ ደረጃ እኮ ነች።»

መናደድ ነበረባት። ቁጣው እስኪመጣ ጠበቀች፣ አልመጣም። ፓስታው ላይ ዝንብ አርፎ ነበር፣ እሱን እሽ አለችው።

የበሲጥ ደም አይረጋም። ሌላው ሰው ሲደማ ደሙን የሚያረጋለት ነገር እሱ ውስጥ የለም፣ ሲወለድ ጀምሮ። ሄሞፊሊያ ይባላል። ሰዉ የሚደማው ቢላ ሲቆርጠው ብቻ ይመስለዋል፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደማው ውስጥ ለውስጥ ነው፣ መገጣጠሚያው ላይ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፋክተር የሚባለው መድኃኒት ያንን የጎደለውን ነገር ነው የሚተካለት፣ በደም ሥር ሲወጋ። መድኃኒት ቤት ሄደህ ስጡኝ የምትለው አይደለም። በእርዳታ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ።

ይሄኛው ደግሞ ለጉልበት አይደለም የተሰጣቸው። ለግርዛት ነው።

እናታቸው ሁሪያ ወንድሟን ያጣችው በግርዛት ነው፤ ሕፃን ሆኖ ገርዘውት ደሙ አልቆም ብሎ። ስለዚህ በሲጥ ሲወለድ «ማንም አይነካውም» አለች፣ ማንም አልነካውም። አሁን ሰመራ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶት ያልተገረዘ እሱ ብቻ ነው፣ ይሄን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ለወንድ ልጅ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ጓደኞቹ ዱብቲ አዋሽ ወንዝ ውስጥ ሊዋኙ ሲሄዱ ይከተላቸውና ልብሳቸውን ሲጠብቅ ይውላል።

በስንት ልመና የሰመራው ዶክተር «ፋክተሩን ሙሉውን ካመጣችሁ እሠራዋለሁ» አለ። «ቁስሉ እስኪድን በየቀኑ ነው የምንሰጠው። አንድ ብልቃጥ ከጎደለ ግን አልነካውም።» አዲስ አበባ ደግሞ ልኩን ነው የሰጧቸው። ቀጣዩ መቼ ይመጣል ስትላቸው «እኛም አናውቅም» አሏት። ግርዛቱ ለቅዳሜ ተቀጥሯል። አጎታቸው ከአፋምቦ ይመጣል፣ ፍየል ተገዝቷል።

«ሰመራ ስንደርስ ዶክተሩ ያየዋል» አለ በሲጥ። «እስከዚያ በረዶው ይበቃዋል።»

«አይበቃውም።»

«የአዲስ አበባዋ ነርስ ራሷ በረዶ ያዙበት ብላለች።»

«ፋክተሩ እስኪሰጠው ነው ያለችው።»

«ወላሂ አያመኝም፣ ዙሌ።»

«ዘርጋው እስቲ።»

ሞከረ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ነጣ። «ይዘረጋል እኮ፣ ዛሬ ደብሮት ነው» አለ።

ቀኝ ጉልበቱም የጀመረው እንደዚህ ነበር። ሦስተኛ ክፍል እያለ። ያኔ ፋክተር የሚባል ነገር ስሙንም አልሰሙም። እናታቸው በሻሽ አሰረችለት፣ ዙሌይካ አጠገቡ ቁጭ ብላ በካርቶን አናፈሰችለት፣ አለቀሰችም። እብጠቱ በስንት ጊዜው ጎደለ፣ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ቀኝ እግሩን በጣቱ ብቻ ነው የሚረግጠው። የሚደገፈው በግራው ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ደምቷል፣ እሷም በደማ ቁጥር ለቅሶዋ እያነሰ እያነሰ ሄዶ አንድ ቀን ቀረ። መቼ እንደቀረ አታስታውስም።

«ምነው ምግቡ አልጣማችሁም እንዴ?» የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ንጋትወርቅ ሳህን ልታነሳ መጥታ ጉልበቱን አየች። «ውይ በሞትኩት! ጅማቱ ዞሮ ነው። እዚሁ ከጋራዡ ጀርባ ወጌሻ አለ፣ አንዴ ሳብ ቢያደርግልህ እየሮጥክ ነው የምትሄደው።»

«አይሳብም እትዬ፣ ደም ነው ውስጡ ያለው» አለች ዙሌይካ። «ንጹሕ ክፍል ካለዎት ግን ለትንሽ ደቂቃ ይስጡኝ። ሹፌሩንም ትንሽ ይጠብቀን ይበሉልኝ።»

«ባህሩን? ቡናውን ሳይጨርስ የትም አይሄድ፣ ግቡ።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ነበር። በሲጥ ትከሻዋ ላይ ተደግፎ እያነከሰ ገባና አልጋው ላይ ተቀመጠ። እጇን በሳሙና ታጠበች። እናታቸው እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መውጋት የተማረችው እሷ ነች፤ ነርሷ «ጎበዝ፣ አትፈሪም» ብላታለች። መፍራትም አይደለም፣ አለመፍራትም አይደለም።

አንዱን ካርቶን ከሳጥኑ አወጣች።

«ከከፈትሽው አላናግርሽም» አለ በሲጥ።

«እሺ።»

«ዕድሜ ልኬን።»

«እሺ።»

«ዙሌ... ቅዳሜ እኮ ነው። ለጓደኞቼ ለነሙእሚን ነግሬያቸዋለሁ።» አልቀለደም። «ሲድንልህ አብረን እንዋኛለን አሉኝ።»

እጇ ብልቃጡ ላይ ቆመ። ክዳኑ ከተነሳ መመለስ የለም። ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ነች። ስፒከር ላይ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«የት ደረሳችሁ ልጄ? በረዶው አልቀለጠም?»

«አዋሽ ነን እማ። አልቀለጠም።»

«አልሐምዱሊላህ። ይሄ ፍየል እኮ አሳበደኝ፣ ሲጮህ አደረ። ለቅዳሜ ለሚታረድ ደግሞ መኖ አልገዛለትም ብዬ ካርቶን እየበላ ነው። በሲጥስ?»

ዙሌይካ አየችው። በሲጥ ጎሮሮውን ጠረገ።

«አለሁ እማ። ኧረ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» አለ። ድምፁ ልክ የጤነኛ ሰው ነው። ሽርጡን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

ሦስተኛ ክፍል እያለም እንዲህ ነበር ያለው። በዚሁ ድምፅ። እነሱም አምነውት ነበር።

ዙሌይካ ክዳኑን በአውራ ጣቷ አነሳችው። ጠቅ አለ።

አብሮት የመጣውን ውሃ በመርፌ ወደ መድኃኒቱ ዱቄት አስገብታ ብልቃጡን በመዳፎቿ መሃል ቀስ አድርጋ ታሽከረክር ጀመር። አይነቀነቅም፣ አረፋ ያወጣል ተብላለች።

«ሃሎ? ምነው ዝም አላችሁ?» አለች እናቷ።

«እማ» አለች ዙሌይካ፣ ከብልቃጡ ዓይኗን ሳታነሳ። «ለፍየሉ መኖ ግዢለት።»

«ለምን?»

«ይቆያል።»

ስልኩ ውስጥ ፍየሉ ሲጮህ ተሰማ። እናቷ ስልኩን አልዘጋችም።

ውጭ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። በሲጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አላናገራትም፤ ክንዱን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋላት። ዙሌይካ ማሰሪያውን አጥብቃ፣ ቢስሚላህ ብላ የደም ሥሩን መፈለግ ጀመረች።