«ቀላል» የተባለው ጉድጓድ

ስልኩ ውስጥ ያለው ትንሽ ሰውዬ ሳጥኑን እየገፋ መጣና ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመ። ሰዓት ጠጋኙ አዛውንት ስልኩን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው ቁልቁል አዩ፤ ከዚያ ሰውዬውን ወደ ኋላ መለሱት።

«ዛሬም አልሆነም» አሉ።

ልጃቸው ወደ ሥራ ሊወጣ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነበር። ቀና ሳይል፣ «የትኛው ላይ ነዎት አባባ?» አለ።

«አሥራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ። ይኸው አራት ቀኔ።»

የልጁ እጅ ማሰሪያው ላይ ቀረ።

የልጁ ሥራ የስልክ ጌም መሞከር ነው። እየዘለሉና እንቆቅልሽ እየፈቱ የሚታለፉትን ደረጃዎች ከሁሉ በፊት ይጫወታል፤ የፈጀበትን ጊዜ ይጽፋል፤ «ቀላል» ወይም «ከባድ» ብሎ ይፈርዳል። የቢሮው ደንብ አንድ ነው፦ መልሱን አስቀድሞ ያየ ሰው አይፈርድም። አሥራ ሁለተኛውን ግን የሠራችው ባልደረባው ስትሞክረው ከጀርባዋ ቆሞ አይቶታል። መፍትሔው መዝለል አይደለም፤ ሳጥኑን ትቶ ጉድጓዱ ውስጥ መውደቅ ነው። ያን ሰሞን ሁለት ደረጃዎች ላይ ተጣብቆ ስለዋለ «ቀንድ አውጣው» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ስለዚህ መልሱን ማየቱን ሳይናገር በሁለት ደቂቃ ጨረሰና «ቀላል» ብሎ ጻፈ።

«ቀንድ አውጣው ክንፍ አበቀለ!» ብለው አጨበጨቡለት።

ጌሙ ሲወጣ «ቀላል» የምትለው ቃል ከደረጃው ቁጥር ጎን በአረንጓዴ ተጽፋ ወጣች። አባቱ ከታመሙ በኋላ ሐኪሙ «አእምሮዎን ያሠሩት» ሲሏቸው፣ ጌሙን ስልካቸው ላይ የጫነላቸው እሱው ነው።

«ይቸግራል መሰለኝ» አለ ልጁ።

«ምኑ ይቸግራል? ቀላል ይላል እኮ! ለሕፃን የሚሆነው ነው እኔን ያቃተኝ።» ከኪሳቸው የሱቃቸውን ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሱቁ ጠቦታል። ዛሬ ልሰጠው ነው።»

«ሱቁን? ለምን?»

«የሰው ሰዓት ከፍቼ መግጠም ቢያቅተኝስ? ጭንቅላቴ የድሮው አይደለም ልጄ።»

ልጁ ማሰሪያውን ለቆ ተነሣ።

«አባባ፣ ቀላል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አንተማ ጎበዝ ነህ።»

«አይደለሁም። መልሱን ሰርቄ አይቼ ነው። ባላይ ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው አፋፍ ላይ እቆም ነበር።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

«እኔ እኮ አእምሮዬ ሄደ ብዬ፣ የእናትህንና የእህቶቼን ስም እየጠራሁ ራሴን ስፈትን ሰነበትኩ» አሉ ቀስ ብለው።

ልጁ የሚገባበት ጠፋው። ከእነዚያ አራት ቀናት አንዷን እንኳ ሊመልስላቸው አይችልም።

«ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?» አሉ አባቱ ድንገት።

ከአፉ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም።

«አልነግርዎትም። መልሱን ያላየ ሰው ነው የሚፈርደው።»

ስልኩን አውጥቶ ለቢሮው ሰዎች ሁሉ መጻፍ ጀመረ፦ «አሥራ ሁለተኛው ደረጃ። መልሱን አስቀድሜ አይቼ ስለነበር ፍርዴ ይሰረዝ። አዲስ ፈራጅ፦ አንድ አዛውንት ሰዓት ጠጋኝ። ጊዜ፦ አራት ቀን፤ ገና አልጨረሱም። ፍርድ፦»

እዚህ ላይ ቆመ። «ምን ልበል አባባ?»

አዛውንቱ የሱቁን ቁልፍ ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው ሰውዬውን እንደገና ወደ አፋፉ እየነዱት ነበር።

«ከባድ በል» አሉ ቀና ሳይሉ። «በጣም ከባድ።»

ላከው። ከዚያም ቀንድ አውጣው የጫማውን ማሰሪያ አጥብቆ አሰረና፣ መልእክቱን አንብበው ወደሚጠብቁት ባልደረቦቹ ወጣ።