ይቅርታ የተጻፈበት ወረቀት

ግሌኒስ አክሮይድ ያን ሐሙስ ከቤት ስትወጣ ጃንጥላዋን፣ የአረጋውያን የአውቶቡስ መታወቂያዋንና የራሷን እስክሪብቶ መያዟን ሦስት ጊዜ ፈተሸች። ምርጫ ጣቢያ ውስጥ በክር ታስሮ የሚቀመጠውን እርሳስ አታምነውም። በእርሳስ የተጻፈን ነገር አንዱ ተነሥቶ ቢያጠፋውስ?

የምትመርጠው ልጇን ነው። ሮዊና ለአውራጃው ምክር ቤት የተወዳደረችው ሠላሳ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሊቀር ነው ስለተባለ ነበር። አውቶቡሱ ከቀረ ግሌኒስ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ሁለት መንደር በእግሯ ልታቋርጥ ነው፤ ከወዲሁ መንገድ ዳር ወድቃ ዝናብ ሲወርድባት ታይቷታል። ሮዊና መጀመሪያ የጻፈችው ለፓርላማ አባላቸው ነበር። ሰውየው በትሕትና መለሰላት፤ የመንደር አውቶቡስ ለንደን የሚወሰን ስላልሆነ ምክር ቤቱን ጠይቂ አላት። ምክር ቤቱ ደግሞ በዚህ ጉዳይ እኩል ለሁለት ተከፍሏል። አንድ አባል ሞቶ ወንበሩ ክፍት ስለሆነ፣ እዚያ የሚቀመጠው ሰው አውቶቡሱን ወይ ያቆየዋል ወይ ያስቀረዋል። ለወንበሩ ሮዊናን የሚፎካከራት ጡረታ የወጣው ሥጋ ሻጭ ዴዝመንድ ታተርሶል ሲሆን፣ ባዶ አውቶቡስ ማመላለስ ብክነት ነው ባይ ነው።

ግሌኒስ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መታወቂያዋን አሳይታ ወረቀቷን ተቀበለችና ከመጋረጃው ኋላ ገባች። እሷና ሟቹ ባሏ አርባ ዓመት ሙሉ የመረጡት የታተርሶልን ፓርቲ ነበር። እጇ የለመደውን ዓርማ ፈልጎ ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ወረደ፤ ከታተርሶል ስም ጎን መስቀለኛ ምልክት አደረገ።

ያደረገችውን ስታይ በአውራ ጣቷ ልታጠፋው ሞከረች። እስክሪብቶ አይጠፋም። ሰውን ማስቸገር ሆነባት እንጂ ሌላ ወረቀት ስጡኝ ማለት ትችል ነበር፤ ከኋላዋ ደግሞ ሰልፍ ነበር። ምልክቱን ደጋግማ ሰረዘችው፤ ላይኛው መስመር ላይ ከልጇ ስም ጎን አዲስ ምልክት አድርጋ፣ አጠገቡ በደቃቅ ጽሕፈት «ይቅርታ፣ ይቺኛዋን» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችና ወረቀቱን የሰጠቻትን ጸሐፊ አመስግና ወጣች። ለማንም አልተናገረችም።

ዓርብ ጠዋት ቆጠራው በስፖርት አዳራሹ ተጀመረ። ግሌኒስ የልጇ ታዛቢ ሆና የምርጫውን ምስጢር እንደምትጠብቅ ፈርማ ገብታለች። ቆጣሪዎቹ ሲጨርሱ እንደገና ቁጠሩ ተባሉ፤ እንደገና ሲጨርሱም ሮዊናና ታተርሶል እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ አራት ድምፅ ነበራቸው። የቀሩት የሚያጠራጥሩ ተብለው የተለዩት ወረቀቶች ብቻ ናቸው። እነሱም ካልለዩዋቸው ዕጣ ይጣላል። አክሮይዶች ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ባዛር ዕጣ የቆርቆሮ ባቄላ እንኳ ደርሷቸው አያውቅም።

የምርጫው ኃላፊ ወይዘሮ ኦክሌይ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለተወዳዳሪዎቹ አሳየች። አንዱ ባዶ ነበር። አንዱ ላይ ውሻ ተሥሎበታል። ሁለቱም ወደቁ። የመጨረሻውን ስታነሣ ግሌኒስ የገዛ ጽሕፈቷን አየች።

የታተርሶል ረዳት፣ አዲስ ክራቫት ያሰረ ወጣት፣ ሁለት ሰው የተመረጠበት ወረቀት ውድቅ ነው ሲል ተከራከረ። ደግሞም መራጩን የሚያስታውቅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አይቆጠርም አለ። እዚህ ላይ ግሌኒስ ከንፈሯን ነከሰች። የኔ ነው ብትል ወረቀቱ የማን እንደሆነ በአደባባይ ታወቀ ማለት ነው፤ ዝም ብትልም የሚጥሉት መሰላት። ሮዊና ወረቀቱን ትክ ብላ አየችና ድንገት የጫማዋን ክር ለማሰር አጎነበሰች። በተማሪነቷ ምሳ ዕቃዋን በከፈተች ቁጥር ኮትሽን እንዳትረሺ የሚል ቁራጭ ወረቀት የምታገኘው በዚያው ጽሕፈት ነበር።

ወይዘሮ ኦክሌይ መነጽሯን አስተካክላ ወጣቱን አየችው። «ሰው ሁሉ ይቅርታ ባይ በሆነበት አገር፣ ይህን መራጭ በይቅርታው ለይቶ የሚያውቅ ካለ ያሳየኝ» አለች።

ረዳቱ አሁንም አፉን ሊከፍት ሲል ታተርሶል ትከሻውን ያዘው። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ካነበበ በኋላ ሣቅ አለ።

«ተወው ልጄ፣ ግልጽ ነው። መጀመሪያ እኔን መርጦ ነበር፤ ከዚያ አሰበበት።»

ወይዘሮ ኦክሌይም የመራጩ ፍላጎት የማያሻማ ነው ብላ ወረቀቱን ከሮዊና ክምር ላይ አኖረችው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ አምስት። ታተርሶል የሮዊናን እጅ ጨበጠና፣ ለግሌኒስ በሚቀጥለው ሳምንት የአትክልት ማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንገናኝ ብሏት ሄደ።

እናትና ልጅ በሠላሳ ሰባት ቁጥር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከእነሱ ሌላ ዘጠኝ ሰው ተሳፍሯል፤ ግሌኒስ ቆጥራቸዋለች።

«እማ» አለች ሮዊና በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «አንድ ሰው ሲሳሳት ሌላ ወረቀት ቢጠይቅ እኮ ይሰጡታል።»

«ከኋላው ሰልፍ ይኖርበት ይሆናላ» አለች ግሌኒስ።

አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ አለፈ። ከዚያ ሮዊና መሣቅ ጀመረች፤ ግሌኒስም ሣቋን መያዝ አቃታት። ግን ብዙ አልቆየችም። የአውቶቡሱ ጉዳይ ድምፅ የሚሰጥበት ማክሰኞ ነው፤ እስከዚያ ጉንፋን ቢይዝሽስ አለች። ደግሞ እዚያም በልማድ የማይሆን ቦታ ምልክት ብታደርጊስ?

ሮዊና እዚያ እስክሪብቶ እንደማያስፈልግ ነገረቻት። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው።

ግሌኒስ አሰበችበት። ከፍ ብሎ የወጣ እጅ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ፈለገች፣ ፈለገች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላገኘችም።

ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ግን ልጇን ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ለማንኛውም ጓንትሽን ያዢ» አለች።