ክራባት ያሰረው ስልክ

«በቃኝ፤ ከእንግዲህ አልሄድም» አሉ አባት።

የማይሄዱት ኩላሊታቸው ወደሚታጠብበት ሆስፒታል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ማሽን ላይ ታስረው መዋል አለባቸው። ቢያቋርጡ ምን እንደሚከተል ሐኪሙ ለልጃቸው ኮሪደር ላይ በለሆሳስ ነግሯታል፤ እሷም ለማንም አልደገመችውም። ባለፈው ቅዳሜ ቀርተው ዛሬ ሰኞ ጠዋት ስትመጣ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸው በባዶ እግራቸው ነው በሩን የከፈቱላት።

«አመመህ እንዴ አባዬ? መርፌው ነው?»

«መርፌውንማ ለመድኩት። ጣሪያው ነው የገደለኝ። አርባ ዓመት ለሰው ፊልም ያሳየሁ ሰውዬ በስተርጅናዬ አራት ሰዓት ሙሉ ኮርኒስ ላይ ላፍጥጥ? የትኛው ሚስማር እንደዛገ ልንገርሽ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ይገባል። ልጅቷ አባቷን ፊት ለፊት «አንተ» የምትላቸው ንቃቸው አይደለም። «አንቱ ካልሽኝ ዛሬውኑ አረጃለሁ» ብለው ስለከለከሏት ነው። በልቧ ግን አንቱ ናቸው፤ እኛም እንደ ልቧ እንላቸዋለን።

አባት በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት የፊልም አጫዋች ነበሩ። ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ቴሌቪዥኑም፣ ሙዚቃውም፣ ፎቶውም ስልካቸው ውስጥ ገባ፤ ስልካቸው ደግሞ ከወር በፊት የውሃ ባልዲ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሚያዩት ጣሪያ ብቻ ሆነ።

«የማየው ነገር አምጪልኝና ነገን እሄዳለሁ» አሉ። «ከነገ ወዲያ ላለው ግን ቃል አልገባም።»

ልጅቷ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የግዥ ሠራተኛ ናት። ለቤቷ መጥረጊያ ስትገዛ እንኳ ሦስት ሱቅ ሳታወዳድር እጇን ወደ ቦርሳዋ ስለማትሰድ አባቷ «ጨረታ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ጨረታ እንግዲህ ያን ቀን በምሳ ሰዓቷ ወንበሯን ስባ ወረቀት አሰመረች። የስልኮቹን ስም ወደ ታች፣ መመዘኛውን ወደ ጎን አድርጋ ነጥብ መስጠት ጀመረች። ለጥንካሬ ሃያ፣ ለባትሪ ሃያ አምስት፣ ለምስጢር ጥበቃ አሥራ አምስት፣ ለጥሪ ጥራት ሃያ፣ ለዋስትና አሥራ አምስት። የቀረችውን አምስት ነጥብ ለመዝናኛ ጣለች።

አሸናፊው ለነጋዴና ለሥራ ኃላፊ ተብሎ የተሠራ ስልክ ሆነ። ጥቁር ነው፤ ከባድ ነው፤ ግማሽ አካሉን ትንንሽ የፊደል ቁልፎች ይዘውታል፤ ለመስታወቱ የተረፈው ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የሚሰፋ ቦታ ነው። ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል። ሻጩ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ እያደረገ «የድምፅ ማጉያው ለስብሰባ ነው የተሠራው፤ ስምንት ሰው በአንድ ጥሪ ያገናኛል» አላት። «ካልተስማማሽ በሰባት ቀን ውስጥ መልሺው።» ጨረታ በኩራት ገዝታ ወጣች።

አባት ስልኩን ተቀብለው አመሰገኑ። አገላበጡት። ከዚያ መጋረጃውን ዘጉ፤ ወንበራቸውን ወስደው ክፍሉ ጥግ አስቀመጡ።

«አንቺ በሩ ጋ ቁሚና ያዢልኝ። ፊልም ለሰው ከማሳየቴ በፊት ሁልጊዜ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር የማየው። መጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰውም ትኬት ቆርጧል።»

አንድ ፊልም ከፈቱ። ምስሉ ከላይም ከታችም በጥቁር ተቆርጦ መሀል ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ቀረ። አባት ዓይናቸውን አጥብበው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ በመጨረሻ ተነሥተው እስከ አፍንጫቸው ቀረቡት።

«ይሄ ፊልም ማየት አይደለም፤ በቁልፍ ቀዳዳ ጎረቤት ማየት ነው።»

ሙዚቃ አስከፈቱ። ከበሮው ጣሳ እንደሚመታ ሰው ተንቋቋ። ቀጥለው ሁለት ሰዎች የሚያወሩበትን ቦታ ፈለጉ፤ እዚህ ጋ ቅንድባቸው ከፍ አለ። ደግመው አዳመጡ። አባት አንድ ጥሩ ባሕርይ አላቸው፤ የሚነቅፉትን ነገር እንኳ አይበድሉትም።

«ሰው ሲናገርበትስ ግሩም ነው» አሉ። «ሴትዮዋ ምራቋን ስትውጥ ሰማኋት። ግን ልጄ፣ ይሄ ስልክ ክራባት አስሮ የተወለደ ነው። እስቲ የሰጠሽውን ነጥብ አሳዪኝ።»

ወረቀቱን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ለምስጢር ጥበቃ አሥራ አምስት። የማንን ምስጢር ነው የምጠብቀው? የኮርኒሱን?» ሳቃቸው መጣ። «ይሄን ስልክ የገዛሽው ለራስሽ ነው፤ አድራሻው ብቻ የኔ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ጨረታ ፊቷ እሳት ሆነ። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ዕቃ እንደ መሥሪያ ቤት ወንበር መግዛቷን ስታስብ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። አባት አይተው አዘኑላት። «ግድ የለም፣ ነገን በዚሁ እሄዳለሁ» አሉ።

ማክሰኞ ፈቃድ ወስዳ አብራቸው ሄደች። ክፍሉ ስድስት አልጋዎች አሉት፤ በየአልጋው ጎን ደሙን ወስዶ አጥቦ የሚመልስ ማሽን ቆሟል። ግድግዳው ላይ «ሶኬቱ ለማሽን ብቻ! ስልክ ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጨረታ ይህን ስታነብ ለባትሪ የሰጠችው ሃያ አምስት ነጥብ ትዝ ብሏት ጥቂት ተጽናናች።

አጠገባቸው ያለው አልጋ የአንድ ልብስ ሰፊ ነው። የስኳር በሽታ መጀመሪያ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ኩላሊቱን ወስዶበታል። ጎልማሳ ነው፤ ሲተኛ እጆቹን ሆዱ ላይ አድርጎ አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር ያሻል፣ ጨርቅ የሚመረምር ይመስል።

አባት ጣጣቸው ሁሉ ተሰካክቶ ካበቃ በኋላ አንድ የቆየ ፊልም ከፈቱ። የባቡር ጣቢያ ትኬት ሻጭ ስለሆነች ሴት ነው፤ የውጭ አገር ነው፤ ቋንቋውን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው አያውቀውም። አባት ግን በወጣትነታቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ አሳይተውታል። ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ይዘው ማየት እንደጀመሩ ልብስ ሰፊው ፊቱን አዞረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያቺ ሴት እያለቀሰች ነው?»

አባት ስልኩን አስቆሙት። «እየሳቀች ነው። እንባዋን ይዛ ነው የምትስቀው። እንዴት አወቅህ?»

«ትንፋሿ ይሰማኛላ! እዚሁ ራስጌዬ የቆመች ነው የመሰለኝ። ምን ሆና ነው?»

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ከዚህ ነው። አባት ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መለሱት፤ ስልኩን ሁለቱ አልጋዎች መሀል ባለው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት፤ መተረክም ጀመሩ። ጨረታ አባቷ ሲሠሩ አይታ አታውቅም ነበር። በልጅነቷ የሚሠሩት ከግድግዳ ጀርባ፣ በጨለማ ክፍል ስለነበር አንድ ቁልፍ ተጭነው እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ይመስላት ነበር። አሁን አፏን ከፍታ ቀረች። ሰዎቹ በፊልሙ ውስጥ ሲነጋገሩ አባት ዝም ይላሉ፤ ንግግሩ ሊያልቅ አንዲት ትንፋሽ ሲቀረው ይገባሉ፤ የሚሉትን ብለው፣ ቀጣዩ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ይወጣሉ። ቃል አያባክኑም። «ደብዳቤውን ተቀበለች። አልከፈተችውም። ከወንበሯ ሥር አደረገችው።» በቃ፤ ይኸው ነው። አራተኛው አልጋ ላይ ያለው የአውቶቡስ ሾፌር ግን ጋዜጣውን አጠፈ፤ ነርሷ የምትመዘግበውን ትታ ቆመች።

«ምን ለብሳለች?» ጠየቀ ልብስ ሰፊው።

«ኮት።»

«ኮትማ ኮት ነው። ኮሌታው ምን ዓይነት ነው?»

አባት ስልኩን አንሥተው እስከ ሽፋሽፍታቸው አስጠጉት። «ኮሌታው ሰፊ ነው፤ ቁልፉ ሦስት። መሀለኛው... ቆይ እስቲ... መሀለኛው በሌላ ቀለም ክር ነው የተሰፋው።»

«ራሷ ናት የሰፋችው» አለ ልብስ ሰፊው። «ሰው የላትም ማለት ነው። ወይም ያላት ሰው መርፌ አይችልም።»

አባት በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄን ፊልም ሃያ አንድ ቀን አሳይቼዋለሁ፤ ያቺን ቁልፍ ግን ዛሬ ገና አየኋት።»

ማሽኑ ጮኾ አራቱ ሰዓት ማለቁን ሲናገር ሁሉም ደነገጡ። በየጥያቄው እየቆመ ስለሄደ ፊልሙ ገና መሀሉ ላይ ነበር። ሾፌሩ «ኧረ ጋሼ፣ ባቡሩ ሊመጣ ሲል!» ብሎ ቢለምናቸውም አባት ወይ ፍንክች።

በመመለሻቸው ታክሲ ውስጥ ጨረታ «ይሄን ሁሉ የት ተማርክ?» አለቻቸው።

«ከኋላ» አሉ። «ከማሽን ክፍሉ ቀዳዳ የሚታየው ፊልሙ ብቻ አይደለም፤ የተመልካቹም ጭንቅላት ነው። መቼ ትንፋሹን እንደሚይዝ፣ መቼ ወንበሩ ላይ እንደሚንቀሳቀስ ከማጅራቱ ታውቂዋለሽ።» ቀጥለው አንገታቸውን ወንበሩ ላይ ጣሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሐሙስ ልሄድ ነው መሰለኝ። ባቡሩን ጥዬባቸው መጣሁ። ለቅዳሜ ግን ቃል አልገባም።»

ሐሙስ ሄዱ፤ ፊልሙም አለቀ። ጨረታ ሥራ ላይ ሆና ይህን ስትሰማ ደስታዋና ስጋቷ እኩል መጡ። ፊልሙ ካለቀ ቅዳሜ ምን ሊወስዳቸው ነው? ሙሉ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ዓርብ ከሰዓት ወደ ስልክ ሻጩ ሄደች። መታወቂያዋን አስይዛ፣ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር የሆነ፣ ለፊልምና ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ ትልቅ ስልክ ለአንድ ቀን ተዋሰች። የድሮውን ወረቀቷን ቀድዳ ጣለችው። በአዲሱ ላይ ለመዝናኛ ሰማንያ ነጥብ ሰጠች።

አባቷ ቤት ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የአራት ሰው ጫጫታ ይሰማል። ገብታ ብታይ አባት ብቻቸውን ናቸው። ጥቁሩ ስልክ ጠረጴዛው መሀል ተጋድሞ ይከራከራል።

«እኔ ብሆን ባቡሩ ላይ እሳፈር ነበር!» ይላል የሾፌሩ ድምፅ።

«አንተማ ሾፌር ነህ፤ የሚሄድ ነገር ካየህ አያስችልህም» ይላል ልብስ ሰፊው። አንዲት ሴት ከአምስተኛው አልጋ፣ አስተማሪ የነበሩ፣ ሁለቱንም ይገሥጻሉ። ሁሉም በየቤታቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አንድ ጠረጴዛ የከበቡ ያህል ጥርት ብሎ ይመጣል።

አባት ልጃቸውን ሲያዩ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጧት። ስብሰባው ሲያልቅ ትልቁን ስልክ አወጣችላቸው። መጋረጃው ተዘጋ፤ ወንበሩ ጥግ ተቀመጠ፤ እሷ በር ላይ ቆመች። ምስሉ ሲበራ አባት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ይሄ ነው ምስል! እዪው ጥቁሩን፣ እንዴት እንደጠቆረ! ይሄን የሠራ እጅ ይባረክ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጨረታ ልቧ ቦታው ተመለሰ፤ በቃ ተገላገልኩ አለች።

አባት ግን ምርመራቸውን አልጨረሱም። በትልቁ ስልክ ልብስ ሰፊውን ደወሉለት፤ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገርም ተረኩለት።

«ጋሼ፣ አመምዎት እንዴ?» አለ ልብስ ሰፊው በጭንቀት። «በርሜል ውስጥ የገቡ ይመስላሉ። ግማሹ አይሰማኝም።»

አባት ስልኩን ዘጉት። በእጅጌያቸው ወለወሉት፤ ወደ ካርቶኑ በጥንቃቄ መለሱት፤ ለልጃቸውም ሰጧት።

«መልሺው።»

«አባዬ፣ ምስሉን እኮ ወደድከው።»

«ወደድኩት፤ አልዋሽሽም። ቢሆንም እኔ ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ እነሱ የሚያዩት በዚህ በባለ ክራባቱ ነው።»

ጨረታ ካርቶኑን ታቅፋ ቆመች። ከሰኞ ጀምሮ የፈራችውን ነገር ዛሬ ካልጠየቀች አትተኛም።

«ፊልሙ ግን አልቋል» አለች። «ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ቃል አልገባም ብለሃል።»

አባት እግራቸውን ወደ ጫማቸው ሰደዱ፤ ገባላቸው።

«ተከታታይ ድራማ ልንጀምር ነው» አሉ ክሩን እያሰሩ። «አሁን ስትገቢ እሱን መርጠን መጨረሳችን ነበር። ነገ ክፍል አንድ።»

«ስንት ክፍል ነው?»

«ሁለት መቶ አርባ።»

«በአንድ ቀን ስንት ታሳያቸዋለህ?»

«አንድ። ኧረ ከዚያ በላይ ካበላኋቸው ይጠግባሉ።»

ጨረታ የግዥ ሠራተኛ አይደለች፤ ሳታስበው አእምሮዋ ማካፈል ጀመረ። ሁለት መቶ አርባ ክፍል፣ በሳምንት ሦስት። ሰማንያ ሳምንት። አንድ ዓመት ከመንፈቅ። ተሳስታ እንዳይሆን ደግማ አሰላችው፤ ያው ሆነ። ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ መክፈት ጀመረች፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ መልሳ ዘጋችው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ አባት።

«ምንም።»

«እንግዲያው ነገ በጊዜ ነይ» አሉ። «አርፍዶ ገብቶ እስካሁን ምን ሆነ እያለ የሚጠይቅ ሰው አልወድም።»