የማይታየው ቅጠል

ጥንቸል ብሎ ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። በልጅነቷ በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር የምትገባ፣ ነጎድጓድ ሲሰማ እሱ ብብት ውስጥ የምትወሸቅ ድንጉጥ ነበረችና «ነይ ጥንቸሌ፣ ሰማዩ አንቺን አይፈልግም» እያለ ያባብላት ነበር። አባታቸው ሲሞት ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው። ኋላ እሱ መድኃኒት ቤት ከፈተ፣ እሷ ማተሚያ ቤት ገባች። ድንጉጥነቷ ግን አድጋም አልለቀቃትም፤ ሰው ከኋላዋ ሲያስነጥስ እንኳ ብድግ ትላለች።

ሥራዋ የማይታይ ነገር ማተም ነው። በልጆች የትኩሳት ሽሮፕ ጠርሙስ ላይ በሚለጠፈው ስቲከር፣ ከሚነበበው ጽሑፍ በላይ፣ ፕሪንተሩ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ሌላ ቀለም ይረጭበታል። ቀለሙ በውሃ የተበጠበጠ ነው፤ ራሱም ውሃ ይመስላል፤ ሲደርቅም ምንም አይታይም። ክፍሉን አጨልመው ሐምራዊውን የእጅ መብራት ሲያበሩበት ግን ስቲከሩ ከዳር እስከ ዳር በትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ቦግ ይላል። ቅጠሉ ካለ መድኃኒቱ እውነተኛ ነው። ከሌለ የአጭበርባሪ ሥራ ነው ማለት ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የወንድሟ ሚስት የማተሚያ ቤቱን በር በርግዳ ገባች። ፀጉሯ ተበትኗል፤ አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም።

«ወሰዱት!» አለች። «ወንድምሽን ወሰዱት!»

«እነማን?»

«የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ሽሮፑን በዚያ በመብራታቸው ቢያዩት ምንም የለበትም። ሐሰተኛ ነው ብለው ሱቁን አሸጉት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ያቺ ስንቴ በዱቤ መድኃኒት የወሰደችው እንኳ ‘በልጆቻችን ነፍስ የሚነግድ!’ ብላ ተፋችበት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ስቲከሩን የሚያትመውን ታውቃለህ ወይ ሲሉት አላውቅም አላቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ! ከሰዓት በኋላ ካርቶኖቹን ፊቱ ይከፍቷቸዋል። ሁሉም እንደዚያው ከሆነ ፍርድ ቤት ነው። በልጆች መድኃኒት የተያዘ ሰው ደግሞ ማን ያዝንለታል?» ብላ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ተቆጣጣሪዎቹ መሥሪያ ቤት ሮጠች።

ጥንቸል ክው ብላ ቀረች። አላውቅም አለ? እንዴት አያውቅም! በቀደም እንኳ ጠርሙሱን እያገላበጠ «የጥንቸሌ እጅ ያረፈበት» እያለ ሲቀልድባት አልነበረም? ሰው ንጹሕ ከሆነ ለምን ይዋሻል? ሐሳቡ ራሱ አስደነገጣት፤ ግን አንዴ ከገባ በኋላ አልወጣ አላት።

ከመሳቢያዋ ከዚያው የሽሮፕ ስቲከር ዙር የተረፈ ወረቀት አውጥታ መብራቱን አበራችበት። ቅጠሎቹ ቦግ አሉ። እንግዲህ የእሷ ሥራ ደህና ነው። የእሷ ሥራ ደህና ከሆነ ወንድሟ መደርደሪያ ላይ ያለው ሽሮፕ ከየት መጣ? ያንን ሽሮፕ ስንት እናት ለልጇ አጠጥታለች! ያሳደጋትን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራችው፤ እሱን ከመፍራት ደግሞ ሞቷን ትመርጥ ነበር።

የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት ዐይኗን ወደ መስኮቱ ስትወረውር እዚያ በተወጠረው ሽቦ ላይ አረፈ።

ባለፈው ወር ማድረቂያው ተበላሽቶ ነበር። ጋሽ አጥፉት ደግሞ ቶሎ አላሠሩትም። ጋሽ አጥፉት ሠራተኞቹ ለአለቃቸው ያወጡላቸው ስም ነው፤ አምፖል በበራ ቁጥር «አጥፉት! ቆጣሪው በነፃ የሚዞር መሰላችሁ?» ስለሚሉ። አየሩ እርጥበት ነበረውና ቀለሙ አልደርቅ ብሎ ወረቀቱ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ያኔ ጥንቸል ብልሃት መጣላት፦ መስኮቱ ጥግ ሽቦ ወጥራ፣ ወረቀቱን እንደ ታጠበ ልብስ በእንጨት መቆንጠጫ ሰቅላ፣ ዓርብ ዕለት ወደ ቤቷ ሄደች። ቅዳሜና እሑድ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሰኞ ሁሉም ክርር ብሎ ደርቆ ጠበቃት፤ ተቆርጦም ሄደ። በመብራቱ ያየችው ግን እርጥብ ሳለ፣ ዓርብ ነው። ሰኞ አላየችውም። የቀለሙ ዕቃ ላይ «ከፀሐይ ይራቅ» የሚል ተጽፎበታል፤ እሷ ግን ዕቃው ውስጥ ላለው ቀለም መስሏት ነበር። ልብስ ይደርቃል፣ እህል ይደርቃል፤ የደረቀን ነገር ፀሐይ ምን ያደርገዋል?

ከዚያ ዙር አንድ የተበላሸ ወረቀት እስከ ዛሬ ሽቦው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አውርዳ መጋረጃውን ዘጋች። መብራቱን አበራች።

ጨለማ። አንድ ቅጠል የለም። ከወረቀቱ ጫፍ ላይ ብቻ፣ መቆንጠጫው ነክሶት በነበረበት፣ የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ቅጠሎቹ እንደ አዲስ ያበራሉ።

መሳቢያዋ ውስጥ የዋለው ትራፊ ፀሐይ አላገኘውም ነበር። የወንድሟን ንጽሕናና የራሷን ጥፋት በአንድ ወረቀት ላይ አየች። በደስታ ታልቅስ በፍርሃት አላወቀችም።

«ምንድን ነው ይሄ ጨለማ?» አሉ ጋሽ አጥፉት ከኋላዋ። ለወትሮው ጨለማ አያስከፋቸውም ነበር።

ሁሉን ነገረቻቸው። ወረቀቱን ተቀብለው በመብራቱ አዩት፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ስሚ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። ቀለሙን ለሌላ ሸጡት፣ በውሃ አቅጥነው አተሙት ነው የሚሉን። እኔም እስር ቤት እገባለሁ፣ አንቺም ትገቢያለሽ። ወንድምሽ ንጹሕ ነው አይደል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እስኪጠራ ድረስ እሱ ይታሰር፣ ጋሼ?»

ወረቀቱን ቀደዱት፤ ቀደዱት፤ ብናኝ እስኪሆን ቀደዱትና ኪሳቸው ከተቱት። «ፈሪ ለእናቱ ነው ልጄ» አሉ ሲወጡ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እሳቸውም ፈርተው ነው።

ጥንቸል የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ ወጣች። መንገድ ላይ የሚያያት ሰው ሁሉ የሚያውቅባት መሰላት። ሁለት ጊዜ ለመመለስ ዞረች። ምን ይዛ ትናገራለች? ወረቀቱ የለም። እህቱ ስለሆነች ዋሸችለት ይላሉ፤ እሱንም ሳታድን ራሷ ትገባለች። ቢሆንም እግሯ እየተጎተተ ከመሥሪያ ቤቱ አደረሳት።

ወንድሟ ግድግዳ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ በሩ ጋ ቆማለች። መነጽር ያደረገች ተቆጣጣሪ ካርቶኖቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጓንቷን ታጠልቃለች። ወንድሟ ጥንቸልን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ራሱን ቀስ አድርጎ ግራና ቀኝ ነቀነቀ፦ እንዳትናገሪ።

ያኔ ገባት። አላውቅም ያለው እሷን ሊደብቅ ነው። የሆነውን ባያውቅም እጇ እንዳለበት ገምቷል፤ ዛሬም ብብቱ ውስጥ እየከለላት ነው። እሷ ደግሞ ጠረጠረችው። እፍረቱ ከፍርሃቷ ባሰባት።

መጋረጃው ተዘጋ። ተቆጣጣሪዋ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሣች በሐምራዊው መብራት አየቻቸው። «ባዶ» ትላለች። «ባዶ። ባዶ።» ባለች ቁጥር የወንድሟ ሚስት ትንፋሿን ትስባለች። ድንገት የተቆጣጣሪዋ እጅ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

በአንዱ ጠርሙስ ስቲከር ጠርዝ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ቦታ ታበራለች።

«ቀለሙን ከየት አገኛችሁት?» አለች ተቆጣጣሪዋ ወደ ጥንቸል ወንድም ዞራ፤ ድምጿ ጠነከረ። «ለማስመሰል ሞክራችሁ አልሆነላችሁም ማለት ነው። ይህ ከሆነማ ነገሩ ከመሸጥም አልፏል፤ ማተምም አለበት።»

«እኔ ነኝ ያተምኩት» አለ ወንድሟ።

ሚስቱ ጮኸች። ጥንቸል አፏ አልታዘዝ ስላላት እጇን ወደ ሽርጧ ሰደደች። ሥራ ላይ ሳለች መቆንጠጫዎቹን ሽርጧ ጠርዝ ላይ ቆንጥጣ ማዋል ልማዷ ነው፤ ሳታወልቃቸው መጥታለች። አንዱን ነቅላ ወደ ጠረጴዛው ሄደችና በምታበራዋ ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ብርሃኑ ጠፋ። አነሣችው፤ በራ። ወርዱም፣ የጫፉ ክብነትም አንድ ነው።

«የኔ ነው» አለች፤ የራሷን ድምፅ አላወቀችውም። «መድኃኒቱ እውነተኛ ነው። አታሚዋ እኔ ነኝ። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ቀለሙን ፀሐዩ አጠፋው፤ መቆንጠጫው የሸፈነው ብቻ ነው የተረፈው። ከደረቀ በኋላ በመብራቱ አላየሁትም። እሱ ምንም አያውቅም።»

ተቆጣጣሪዋ መቆንጠጫውን ራሷ አስቀመጠችው፤ አነሣችው። ደግማ አስቀመጠችው። ከዚያ መጋረጃውን ገለጠች።

«እርስዎ ይነሡ» አለችው ወንድሟን። «ሽሮፑ ተመርምሮ እስኪረጋገጥ ከከተማ እንዳይወጡ። አንቺ እዚያ ተቀመጪ። ስንት ካርቶን እንደዚህ እንደ ወጣ፣ ማን እያወቀ ዝም እንዳለ፣ ሁሉን ትነግሪኛለሽ። ፖሊስ እየመጣ ነው።»

ወንድሟ ተነሣ፤ ግን አልሄደም። «እመቤቴ» አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ «እሷ እኮ ድንጉጥ ናት። ብቻዋን አትችልም። እኔ ልቀመጥላት።»

«አይቻልም።»

ጥንቸል አለፈችውና እሱ በተነሣበት ቦታ ተቀመጠች። አግዳሚው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።