ጭምብሉ የበላት ድምፅ

ያሲን የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ነው፤ ነቀምቴ ላይ ጎማ ይጠግናል። ኦሮምኛ ላይ ማን ይችለኛል ባይ ነው። ጓደኛው ዱቤ ግን «አንተ እኮ የቃል ጭራ ትበላለህ» እያለ ይስቅበት ነበር። ሁለቱ ጎህ ሲቀድ ከቡርቃ ጃቶ ተነስተው መሮጥ ልማዳቸው ነበር። ያሲን ከፊት፣ ዱቤ ከኋላ፣ ቀኝ እግሩን ጎተት እያደረገ።

ኮሮና መጣና ሰው ሁሉ ቤቱ ተከተተ። ያሲን ቦርጭ አወጣ፤ ግድግዳው ተጫነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አላስችል ቢለው የዱቤን በር አንኳኳ። በሩ አልተከፈተም። «አዮ፣ ዱቤ ነገ ለሩጫ ይመጣል?» ሲል በኦሮምኛ ጠየቀ። የዱቤ እናት አዮ ዲንቄ ከበሩ ጀርባ፣ አፋቸውን በጭምብል እንደሸፈኑ መለሱለት። የሰማው «ሂን ዱፋ» ነው፤ ይመጣል።

በማግስቱ ገና ብዙም ሳይሮጥ ያቺ ጎተት የምትል እርምጃ ከኋላው ተከተለችው። «አረፈድክ፣ ሰነፍ!» አለ ሳይዞር። ትንፋሽ እንጂ መልስ የለም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ሮጦ አያውቅም። በዱቤ ደጅ አልፎ፣ ዞሮ ሲመለስ ግን ከደጁ የለቅሶ ድምፅ ሰማ።

ዱቤ ሌሊቱን አርፏል። እናቱ ልጄን ወስደው ይዘጉብኛል ብለው ሕመሙን ደብቀው ነበር። ለያሲን የመለሱለትም «ሂን ዱፉ»፣ አይመጣም፣ ብለው ነው። ሁለቱን የምትለየውን የመጨረሻዋን ድምፅ ጭምብሉ በላት።

በሽታው ጋብ ሲል ከተማው እንደ ድሮው መሮጥ ጀመረ። ያሲን ግን ጫማውን አልነካም። ሚስቱ ሰሚራ «ስኳር ሊይዝህ ነው» ስትለው «ጉልበቴን ያመኛል» ይላል። ውሸቱን ነው፤ ፈርቷል። ያቺ ጎተት የምትል እርምጃ ካልተከተለችው ዱቤ የምሩን ሞቷል ማለት ነው። ብትከተለውስ?

ዘንድሮ አዮ ዲንቄ በምርኩዝ ሥራ ቦታው ድረስ መጡ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉት፣ «ያን ዕለት ጠዋት በደጄ ስታልፍ የሁለት ሰው ኮቴ ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም። እባክህ ሩጥልኝ፣ ደግሜ ልስማው።»

እምቢ ማለት አልቻለም፤ በማግስቱ ወጣ። ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ሮጠ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከራሱ ማለክለክ በቀር ምንም የለም። እየሮጠ አለቀሰ። ደጃቸው ሲቃረብ አዮ ዲንቄ ከውስጥ ተጣሩ።

«ሂን ዱፋ?»

«ሂን ዱፋ፣ አዮ» አለ ያሲን። በዕድሜው እንደዚያ አጥርቶ ኦሮምኛ ተናግሮ አያውቅም። ከዚያም ቀኝ እግሩን ጎተት እያደረገ በበሩ አለፈ።