የፍሪጅ ጠጋኙ ደብተር

ሐሙስ ጠዋት በሐኪሟ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሐኪሟ፣ አንዲት የሃምሳ ዓመት ልብስ ሰፊ፣ ፍሪጅ ጠጋኝ ባሏና ታላቅ እህቷ። እህትየዋ ባዶ ሻንጣ ይዛለች። ልብስ ሰፊዋ እንቅልፍ ካጣች ሦስት ወር ስለሆናት፣ ዕቃዋን ሸክፋ ነፋሻ ክፍል ወዳለው የእህቷ ቤት ልትገባ ቆርጣ ነበር። ባልየው ከሻንጣው ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

«ድንገት እሳት ይለቅብኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በላብ እርሳለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል።»

«እኔ የሚሞቀው ቤቱ መስሎኝ ነበር» አለ ባልየው። «ፍሪጁን ግቢ አወጣሁት። ጀርባው ይሞቃል እኮ።»

«ሥጋውን ድመት በላችው!» አለች እህትየዋ። «ትናንት ደግሞ አምፖል ሲነቅል ደረስኩበት።»

«አምፖልም ይሞቃል!»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «በቀን ስንት ጊዜ ይመጣብዎታል?»

ልብስ ሰፊዋ አላወቀችም። ባልየው ግን ቅባት የነካው ደብተር ከኪሱ አወጣ። የታመመ ፍሪጅ ሲገጥመው፣ ሞተሩ መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚያርፍ ሳይመዘግብ አይነካውም።

«ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ተነሣ። አራት ደቂቃ ሠራ። አረፈ።»

«እኔን ነው የመዘገብከው?»

«ምን ላድርግ የኔ እመቤት፣ በመፍቻ አልከፍትሽ!»

ሐኪሟ ደብተሩን ተቀብላ አገላበጠችው። «በቀን አሥራ አንድ ጊዜ። ጥሩ መረጃ ነው። እንደነገሩኝ የወር አበባዎም ከቆመ ዓመት አልፎታል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ትንሿን ሙቀት እንደ ቃጠሎ ይቆጥራታል። አጥንትንም የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ አጥንትዎንም እናያለን።»

ባልየው ብድግ አለ። «ቴርሞስታቱ ነዋ! ጋዙም ጎድሏል! ታዲያ ይሞላላት!»

«ፍሪጅ ነኝ እንዴ እኔ?»

«የሚሰጥ መድኃኒት አለ» አለች ሐኪሟ። «ግን ለሁሉም ሴት አይሆንም።»

መረመረቻት፤ ስለ ደም መርጋትና ስለ ጡት ሕመም ጠየቀቻት። የሚከለክላት ነገር ስላላገኘች መድኃኒቱን ጻፈችላት። «ለውጡ ግን ሳምንታት ይፈጃል» አለቻት።

«እስከዚያ እኔ ጋ ትሁን» አለች እህትየዋ ሻንጣውን እያነሣች።

ልብስ ሰፊዋ ደብተሩን ወስዳ የመጨረሻውን መስመር አነበበች። «ረቡዕ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ተነሣ። በካርቶን አራገብኩላት። ተኛች። እስኪነጋ አራገብኩ።»

ደብተሩን ዘግታ መለሰችለት። «አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ፍሪጄን አስገባ።»

እህትየዋ ባዶ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ፍሪጁ ከምሳ በፊት ቤት ገባ።