የማን 1968?

ጋሼ ዘውገ «እ.ኤ.አ. የሚለውን አጥፊው» ብለው ማርከር አቀበሉኝ።

ሲኒማ ራስ ጋ ባለው ሱቃቸው ሲጋር ስሸጥ ሦስት ዓመቴ ነው። ሣጥኑ ላይ «ካዛ ቬሪና 1968፣ ቁጥር 4» ይላል። ከሥሩ እኔ የለጠፍኩት ወረቀት ደግሞ «ፋብሪካው የተመሠረተው በ1968 እ.ኤ.አ.» ይላል።

«ለምን ይጥፋ?»

«አቶ ጣሰው የሚባል ሰው እየመጣ ነው። አለቃው በ1968 ተወልዶ ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ አብሮት የተወለደ ትምባሆ ሊሰጠው ይፈልጋል። አለ ብዬዋለሁ።»

«የፈረንጅ ቁጥር እኮ ነው ጋሼ። በእኛ 1960 ነው። እሱም የፋብሪካው እንጂ የትምባሆው ልደት አይደለም።»

«አንድ ቀን አጭሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ማንበብ ግን አውቃለሁ።»

«ፋኢዛ፣ ሰውዬው ፊት አፍሽን ከከፈትሽ ነገ እንዳትመጪ።» ወረቀቱን ራሳቸው ላጡት።

ድምፄ ትንሽ ነው፤ ደንበኛ ሁሌ ጆሮውን ያስጠጋል። ሥራዬን ግን እወደዋለሁ። በየሣጥኑ ውስጥ የሚመጣውን ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ ነው ያነበብኩት።

አቶ ጣሰው በሙሉ ልብስ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። ሣጥኑን አነሡት።

«በስመ አብ! ቁጭ የሳቸው ዓመት! እውነት አብሯቸው ነው የተወለደው?»

«ወር እንኳ አይበላለጡም» አሉ ጋሼ ዘውገ።

«ይበላለጣሉ» አልኩ።

«እ?» አሉ አቶ ጣሰው።

ጮኽኩ። «ይበላለጣሉ! 1968 የፈረንጅ ነው። አለቃዎ ሲወለዱ ፋብሪካው ስምንት ዓመቱ ነበር። ትምባሆው ግን የቅርብ ነው!»

ጎረቤታችን ሙራድ ከደጅ «አንቺም ትጮኺያለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«ቁልፉን አስቀምጪና ውጪ!» አሉ ጋሼ ዘውገ።

ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አኖርኩ።

አቶ ጣሰው ሣጥኑን አልለቀቁም። «ታዲያ አራቱስ? አራት ዓመት የቆየ ማለት ነው?»

«እንዳትመልሺ!»

«አይደለም» አልኩ። «ለመጠኑ የሰጡት ተራ ቁጥር ነው። የሌላ ፋብሪካ ቁጥር 4 ከዚህ ሊረዝም ይችላል።»

«አልወጣሽም?»

«እየጠየቁኝ ነው ጋሼ። ስጨርስ እወጣለሁ።» ሣጥኑን በአቶ ጣሰው እጅ እንዳለ ገለበጥኩና ጎኑ ላይ ያለውን 52 አሳየኋቸው። «ይሄ ውፍረቱ ነው። አንድ ኢንች ስድሳ አራት ቦታ ሲከፈል...»

ጋሼ ዘውገ የሱቁን ብረት መዝጊያ እስከ ግማሽ ጎተቱት፤ ጩኸቱ ቃሌን ዋጠው። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ወጣሁ። አቶ ጣሰው ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ ትተው፣ ኮታቸውን እየሰበሰቡ፣ እሳቸውም ጎንበስ ብለው ተከተሉኝ። የታክሲ ረዳቶቹ ይጣራሉ። ከእነሱ በላይ ጮኽኩ።

«...ሃምሳ ሁለቱ ማለት ነው! ዕድሜ የለበትም!»